የማይመጣው ሻይ

ካዛንቺስ ሱቅ በነበረኝ ዘመን፣ ኮት ሊያሰፋ የመጣ ሰው ሁሉ የታዘዘለትን ሻይ ሳይጠጣ ነበር የሚሄደው። ይህን የምጽፍላችሁ ስለዚያ ሻይ ነው። ቀስ ብዬ ነው የማወራው፤ መቸኮል አላውቅበትም። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ፊደል ብሳሳት እለፉኝ፣ ዝምዝማት ብሳሳት ግን አትለፉኝ።

ስሜ ደምሰው ነው። ሰፈሩ ግን «ጯሂው ልብስ ሰፊ» ነበር የሚለኝ። ደንበኛ ስለካ ቁጥሩን እንደ ታክሲ ረዳት ነው የምጣራው። «ትከሻ አርባ ስድስት! ደረት መቶ አራት! እጅጌ ስልሳ ሁለት!» መንገድ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ የሰፈሩን ወንድ ሁሉ ወገብ በቃሉ ያውቅ ነበር። ሰዉ የሙያ ኩራት ይመስለዋል። አልክድም፣ እንዲመስለው እፈልግ ነበር።

የምጮኸው ግን ለስንዱ ነው። ስንዱ ባለቤቴ ናት። ሱቃችን ለሁለት የተከፈለች ናት፤ ከፊት እኔና አንገቴ ላይ ያለው ሜትር፣ መሀል ላይ አረንጓዴ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ስንዱ፣ ረጅሙ ጠረጴዛና መቀሱ። እንግዲህ ልናገረውና ይውጣልኝ፤ ከዚያች ሱቅ ከወጣው ኮትና ሱሪ ሁሉ እኔ የቆረጥኩት አንድ የለም። ቆራጯ እሷ ነበረች።

ልብስ ስፌት የማታውቁ ካላችሁ፣ ሙያው መቁረጡ ላይ ነው። ስፌት ብትሳሳት ፈትተህ ትሰፋዋለህ። ጨርቅ ግን አንዴ ከተቆረጠ በቃ፣ ተቆረጠ። የስንዱ አባት የወታደር ልብስ ቆራጭ ነበሩ። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው መቀሱን ለሷ አስያዟት። እኔ ስንጋባ አንድ ትልቅ ልብስ ሰፊ ቤት ተቀጥሬ ጠርዝ እዘመዝም፣ ቁልፍ እተክል፣ ቁልፉ የሚገባበትን ቀዳዳ በእጄ እሠራ ነበር። እዚያ ቤት ይህን «የሴት ሥራ» ይሉታል። እሷ የወንዱን፣ እኔ የሴቷን ይዘን ተገናኘን ማለት ነው።

ሱቋን የከፈትን ሰሞን መጋረጃ አልነበረም። የመጀመሪያው ደንበኛችን አንድ የቢሮ ሰው ነበር። ስንዱ መቀስ ይዛ ጨርቁ ላይ ጎንበስ ስትል አየና «ይቺ ምን ልታደርግ ነው?» አለኝ። «ልትቆርጥ» አልኩት። ጨርቁን ከጠረጴዛው ላይ ሰበሰበ። «ሴት የቆረጠችውን ሱሪ ለብሼ መሥሪያ ቤት ልግባ?» ብሎ ሄደ። በነጋታው ስንዱ ራሷ መጋረጃውን ገዝታ ሰቀለችው። ሁለታችንም ስቀን ነበር። ለአንድ ወር፣ ቢበዛ ለሁለት ወር መስሎን ነው። ሠላሳ ዓመት ሞላ።

ሻዩ የመጣው ከዚህ ነው። ቁጥር ጮኾ መጥራት ይቻላል፤ የሰው ጉድለት ግን ፊቱ ቆሞ አይጠራም። ቀኝ ትከሻህ ወርዷል፣ ቦርጭህ ገፍቷል፣ ጀርባህ ጎብጧል ብትለው ማን ይከፍልሃል? ስለዚህ ተስማማን። «ስንዱ፣ ሻይ!» ካልኩ ቀኝ ትከሻው ወርዷል። «ውሃ!» ካልኩ ሰውየው ሆዱን ስቦ ትንፋሹን ይዟል፣ ቁጥሩን አትመኚው። «ስኳር አታብዢ!» ካልኩ ጎባጣ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ከባድ ሰው መጡ። «ስንዱ፣ ሻይ! ውሃም ጨምሪ! ስኳር አታብዢ!» ብዬ ጮኽኩ። ሰውየው ስለ ስኳር በሽታቸው የሰማሁ መስሏቸው እጄን ጨብጠው አመሰገኑኝ።

በዚህ ዓይነት እየሳቅን ስንኖር፣ ሰው ሞባይል ወገቡ ላይ መታጠቅ በጀመረበት ሰሞን ህሊና መጣች።

ያመጣት ጎረቤቴ ሸምሱ ነው። ሸምሱ ከጎኔ ጨርቅ ይሸጣል፤ እሱ ይሸጣል፣ እኛ እንሰፋለን፣ ስንጣላም ስንታረቅም እዚያው ነን። «ደምሰው፣ ይቺ ልጅ ደራሲ ናት። ስላንተ ልትጽፍ ነው። ተው እንግዲህ ፂምህን ተላጭ!» አለኝ ገና ከበሩ።

ሃያ አምስት ቢሆናት ነው። ቀኝ ትከሻዋ ላይ በመጽሐፍ የተወጠረ ቦርሳ አንጠልጥላለች። «ጋሼ፣ በካዛንቺስ ባለሙያዎች ሕይወት ላይ መጽሐፍ እየጻፍኩ ነው። በራሳቸው አንደበት፣ ማለቴ፣ እኔ ሳልጨምር ሳልቀንስ።»

«ምን ይረባል ብለሽ ነው ልጄ?»

«ሥነ ጽሑፍ ነው የተማርኩት፣ ጋሼ። ማንነት፣ ጾታ፣ ባህል፣ እሱን ነው የማየው። መጽሐፎቻችን ውስጥ ሴቷ አለች፤ ቆንጆ ናት፣ ታለቅሳለች፣ ትገለጻለች። ግን አትናገርም። እኔ ሴቶቹ እንዲናገሩ ነው የምፈልገው።»

«እኔ ታዲያ ምን ቤት ነኝ?»

«እርስዎማ የወንዶቹ ምዕራፍ ነዎት።»

በሕይወቴ ምዕራፍ ሆኜ አላውቅም። ደስ አለኝ፣ ልዋሻችሁ አልችልም። ወንበር ሰጠኋት፤ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ተቀምጣ እኔ ስለካና ስጮኽ ጻፈች። በጮኽኩ ቁጥር የምትጽፈው ይበዛል፣ የምትጽፈው በበዛ ቁጥር እኔ እጮኻለሁ።

ማምሻው ላይ ቀና አለችና «እትዬስ? ከመጋረጃው ጀርባ ያሉት ምንድን ነው የሚሠሩት?» አለች።

«ትረዳኛለች» አልኩ።

ከኋላ መቀሱ ቆመ።

«በምን በምን?»

ሸምሱ በሩ ላይ ተደግፎ ያየኛል። አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ። «ያው... ሻይ ታፈላለች።»

ስንዱ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ የሚሰማውን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ያን ቀን የሰማሁት ሌላ ነበር።

ህሊና ደብተሯን ልትዘጋ ብላ ቆም አለች። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። አባቴ ከመሞቱ በፊት አንድ ሱፍ ጨርቅ ገዝቶ ነበር። ሳያሰፋው ሄደ። አምስት ዓመት ሳጥን ውስጥ ነው። ኮት እንዲሆንልኝ እፈልጋለሁ፤ የወንድ ኮት፣ እሱ እንደሚለብሰው ዓይነት፣ ግን በኔ ልክ። ነገ ጠዋት ይዤው ልምጣና ፊቴ ቢቆርጡት? ምዕራፉ የሚያልቀው በዚያ ነው።»

አፌን ሳልከፍት ሸምሱ «ችግር የለም! ደምሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይቆርጠዋል!» አለ።

«እሺ» አልኩ። አንዲት «እሺ» ምን ያህል ከባድ እንደሆነች ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

ልጅቷ ስትወጣ መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ገባሁ። ስንዱ ጨርቅ እያጣጠፈች ነው፤ አልቀና አለችኝ።

«ትረዳኛለች?» አለች።

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ሻይ ታፈላለች?»

«ስንዱዬ፣ ሸምሱ ቆሞ...»

«ጥሩ። ነገ ሻይ አፈላለሁ።»

«ጨርቁስ?»

«ጨርቁን ያንተ ምዕራፍ ይቁረጠው።»

ለመንኳት። የመቁረጫው ጠረጴዛ ከኋላ ስለሆነ እዚያ ነው የሚቆረጠው ብዬ ልጅቷን ላታልላት አልኩ። «ማየት ነው የፈለገችው፣ በመጋረጃ ነው የምታየው?» አለችኝ። እንግዲያው እውነቱን ልንገራት አልኩ፣ እንድትከለክለኝ እየፈለግሁ። አልከለከለችኝም። «እሱ ያንተ ነው። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፤ መናገሩንም እኔ ልሥራልህ?»

አንድ አሮጌ አንሶላ አውጥቼ መለማመድ ጀመርኩ። ሠላሳ ዓመት ያየሁት ሥራ ነው፣ ምን ይከብዳል ብዬ ነበር። ቆርጬ ስዘረጋው እጅጌው ለአምስት ዓመት ልጅ፣ አንገቱ ለበሬ የሚሆን ነበር። ስንዱ መጥታ አየችው። አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች፣ ሳቀች፣ መጨረሻ ላይ መቆም አቅቷት ተቀመጠች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ወደ ቤት ሄደች። የታረቅን መስሎኝ ነበር።

በነጋታው ህሊና በሦስት ሰዓት መጣች። ጨርቁን በጋዜጣ ጠቅልላዋለች። ከፊት ባለችው ጠረጴዛዬ ላይ ስትዘረጋው ሸምሱ እንኳ ቀልዱን ትቶ በሁለት ጣቱ ዳሰሰውና «ይሄ አሁን አይገኝም» አለ። ጥቁር ግራጫ ነው፤ ዳሩ ላይ አባቷ በእስክሪብቶ ስሙን ጽፎበታል። ልክ ልክ ለአንድ ኮት ይበቃል። ለስህተት የሚተርፍ አንድ ስንዝር የለውም።

«መጀመሪያ ልለካሽ» አልኩና ቆምኩ። በሱቃችን ደንብ ወንድ ከፊት እኔ ነኝ የምለካው፣ ሴት ደግሞ ከመጋረጃው ጀርባ ስንዱ። ይህ ግን የወንድ ኮት ነው፤ የምትለብሰው ሴት ናት። መጋረጃውን አየሁት። ልጅቷን አየኋት።

«ስንዱ፣ ነይ ለኪያት!»

«የወንድ ኮት ነው!» አለች ከውስጥ። «አንተ ለካ!»

ሸምሱ ሳቁን ዋጠ። ሜትሩን እንደ ጋለ ካውያ በሁለት ጣቴ ይዤ፣ ሳልነካት፣ እየራቅሁ ለካኋት። «ትከሻ አርባ! እጅጌ ሃምሳ ስምንት!» ድምፄ ራሱ የኔ አይመስልም። ከጀርባዋ ስዞር ቀኝ ትከሻዋ ወርዷል፤ ያ የመጽሐፍ ቦርሳ ነው ያወረደው። ሠላሳ ዓመት የለመደ አፌ እኔን ሳይጠይቅ ጮኸ።

«ስንዱ፣ ሻይ!»

መጋረጃው ተከፈተ። ስንዱ በትሪ ላይ ሻይ ይዛ ወጣች። ትኩስ፣ የሚጨስ፣ እውነተኛ ሻይ። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችውና ፊት ለፊቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ይኸው ሻይህ» አለች።

በዚያች ሱቅ ሻይ ታዝዞ ሲመጣ የመጀመሪያው ነበር። ሸምሱ እንኳ «ኧረ ዛሬስ መጣ!» አለ። ለኔ ግን መልእክቱ ግልጽ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ማንም የለም። ብቻህን ነህ።

ትልቁን መቀስ ከኋላ አመጣሁ። ጠመኔ ያዝኩ። መስመር አሰመርኩ፣ አጠፋሁት፣ እንደገና አሰመርኩ። ህሊና እስክሪብቶዋን ይዛ አትጽፍም። ስንዱ ዓይኗን ጠመኔው ላይ ተክላለች። ሁለተኛውን መስመር ሳሰምር የግራ እጇ ጣቶች ጉልበቷ ላይ ተንቀሳቀሱ፤ በዚህ በኩል አይደለም ማለቷ ነው። እሷ ራሷ ማድረጓን ያወቀች አልመሰለኝም። ከዚያ እጇን በሌላ እጇ ያዘችው።

መቀሱን ከፍቼ ጨርቁ ዳር ላይ አደረግሁት። የአባቷ ስም ያለበት ዳር ነው። የእስክሪብቶው ቀለም ደብዝዟል። ሰውየው ስሙን ሲጽፍ ጥሩ ቆራጭ ያገኛል ብሎ እንጂ እኔን አስቦ አልነበረም። ትንሽ ብጫነው አንድ ነገር ያልቃል፤ ወይ ጨርቁ ወይ ስሜ። ሁለቱንም ማዳን አይቻልም። ሻዬ ከጎኔ ይጨሳል።

ስንዱ ትንፋሿን ይዛለች። ደንበኛ ቢሆን «ውሃ!» እል ነበር።

መቀሱን ዘጋሁት። «ልጄ» አልኩ፣ «እኔ ቆርጬ አላውቅም።»

«ዛሬን ማለትዎ ነው?»

«መቼም። የምትቆርጠው እሷ ናት። የመጀመሪያውንም፣ ትናንት ያየሽውንም። እኔ ቁልፍ ነው የምተክለው።»

ሸምሱ ጭኑን መታ። «ወላሂ! ወላሂ እንዲህ ያለ ትሑት ሰው አይቼ አላውቅም! አየሽ ልጄ፣ ሚስቱን ለማክበር ሲል ሙያውን ካደ!»

«ሸምሱ፣ እውነቴን ነው።»

«ገባኝ፣ ገባኝ! አስተምረሃታል፣ እሱን ነው የምትለው።»

ስንዱ ተነሳች። መቀሱን ከእጄ ወሰደች፤ የኔን መስመሮች በመዳፏ ጠራርጋ በጠመኔ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳታነሳ፣ ከትከሻ እስከ ወገብ ሳበችው። «ቀኝ ትከሻዋ በስንት ወርዷል?» አለችኝ። «ጣት አይሞላም» አልኳት። ቆረጠች። የመቀሷ ድምፅ ያው ነው፣ ሠላሳ ዓመት የሰማሁት። ፊቷን ግን ስትቆርጥ ከፊት ለፊት በሰው መሀል አይቼው አላውቅም ነበር። ምላሷን በትንሹ ታወጣለች። ሠላሳ ዓመት አብሬያት ኖሬ ይህን አላውቅም።

ሸምሱ እስኪያልቅ ቆሞ አየ። መጨረሻ ላይ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብሎ «እንዴት አድርገህ ነው ያስተማርካት?» አለኝ።

ህሊና ግን ደብተሯን ወደ ኋላ ገለጠችና አነበበችልን። «ትናንት ከሰዓት፤ ሻይ አራት ጊዜ፣ ውሃ ሁለት ጊዜ፣ ስኳር አታብዢ አንድ ጊዜ። የመጣ፣ ምንም።» ቀና ብላ ሳቀች። «መጀመሪያ እትዬ ያኮረፉ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ግን፣ ጋሼ፣ እርስዎ ፊቴ ቆመው መቀሱ ከኋላ ሲቆርጥ ሰማሁ።»

«ታዲያ ካወቅሽ ለምን አልተናገርሽም?»

«እኔ ከተናገርኩት ሐሜት ነው የሚሆነው። እርስዎ ሲሉት ነው ታሪክ የሚሆነው።»

«የአባትሽን ጨርቅ ባበላሸውስ ኖሮ?»

«ኧረ ልቤ ሊወጣ ነበር!»

«አንዲት ሴኮንድ ብትቆይ እጅህን እይዝህ ነበር» አለች ስንዱ፣ ቀና ሳትል።

ከዚያ ህሊና ወንበሯን ከኔ ወደ ስንዱ አዞረች። ምዕራፍነቴ እዚያ ላይ አበቃ። ሻዬን አንስቼ ጠጣሁ፤ ቀዝቅዟል። ልጅቷ ለስለስ ባለ ድምፅ «እትዬ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ከመጋረጃ ጀርባ ተጨቁነው...» ማለት ስትጀምር ስንዱ አቋረጠቻት።

«ማን ነው የተጨቆነ? ከዚያ ጀርባ ሆኜ በዚህ ሰፈር የማን ትከሻ እንደወደቀ፣ የማን ቦርጭ እንደተደበቀ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አንዳንዱ መንገድ ላይ ደረቱን ነፍቶ ሲያልፈኝ ሳቄን የምይዝበት ቦታ ይጠፋኛል። ተጨቆነች ብለሽ እንዳትጽፊ።»

«እሺ። ምን ብዬ ልጻፍ ታዲያ?»

ስንዱ መቀሱን በጨርቅ እየጠረገች ነበር።

«ኮቱ አልቆ ሲለበስ» አለች። «ሰውየው መስታወት ፊት ቆሞ 'እጅህ ይባረክ' ሲል። ያን ጊዜ በመጋረጃው ቀዳዳ የማየው ጀርባውን ነው። ከፊት አንድም ቀን አላየሁም። እሱን ጻፊ።»

እኔ ቁልፍ ፍለጋ ጎንበስ አልኩ። ቁልፍ አልጠፋኝም ነበር።

«ደግሞ» አለች ስንዱ፣ «እሱ በእጁ የሚሠራትን የቁልፍ ቀዳዳ ዓይነት አዲስ አበባ ላይ የሚሠራ የለም። ይህንንም ጻፊ። ሰው ሁሉ በኔ ሥራ ሲያመሰግነው፣ የራሱን ሥራ ያመሰገነው የለም።»

ኮቱ በአራተኛው ቀን አለቀ። ልጅቷ ደብተሯን የሚይዝ ትልቅ የውስጥ ኪስ ትፈልግ ነበር፤ ስንዱ መጋረጃውን አውርዳ ከሱ ቆረጠችላት። ህሊና ለብሳው መስታወት ፊት ስትቆም ስንዱ ዞራ ከፊት ቆመች። ከላይ እስከ ታች አየቻት። ልጅቷ አባቷን ትመስል ይሆናል፣ እኔ አላውቀውም፤ ብቻ ሁለቱ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ሸምሱ ለኔ «እጅህ ይባረክ» አለኝ። ምን አደርገዋለሁ?

መጽሐፉ ከወጣ ቆይቷል። የኛን ክፍል በጣቴ እየተከተልኩ አራት ቀን ፈጅቶብኝ አነበብኩት። የወንዶቹ ምዕራፍ ውስጥ የለሁም። በስንዱ ምዕራፍ ውስጥ አለሁ፤ አንድ ገጽ ተኩል፣ ስለ ቁልፍ ቀዳዳ።

እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች፣ ያን ቀን ስሜን ያጣሁ መስሎኝ ነበር። ዘመኑ ከተለወጠ ቆይቶ ነበር እኮ፤ ሴት ቆረጠችው ብሎ ጨርቁን የሚሰበስብ ሰው ከጠፋ ብዙ ዓመት ሆኖታል። መጋረጃውን ማውረድ እንችል ነበር። ያላወረድኩት እኔ ነኝ፤ ስሙ ስለተመቸኝ ነው። በሷ ስም ላይ ተኝቼ የራሴንም ስም ተኝቼበት ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ሥራህ ምንድን ነው ሲሉኝ «ቁልፍ እተክላለሁ» እላለሁ። ወንዶቹ ይስቃሉ። ይሳቁ። ኮታቸውን የሚዘጋው የኔ እጅ ነው። እናንተም ቤታችሁ መጋረጃ ካለ፣ ከየትኛው በኩል እንደቆማችሁ አንድ ጊዜ እዩት። የግድ አውርዱት አልልም፤ ማን እንደሰቀለው፣ ማን እንዳቆየው ብቻ እዩ።

ካዛንቺስ ያለችው ሱቃችን ፈርሳለች። አሁን ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል አለችን። መጋረጃ የላትም። ሜትሩ አሁን ስንዱ አንገት ላይ ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም እሷ ትለካለች፣ እሷ ትጮኻለች፣ እኔ ጥግ ላይ መነጽሬን አድርጌ እጽፋለሁ። ሸምሱ አንዳንዴ ሊጠይቀን ይመጣና «በደንብ አስተምረሃታል» ይለኛል።

እንግዲህ ኮት ማሰፋት ካሻችሁ ኑ። ስትለኩ ስንዱ ወደኔ ዞራ «ደምሰው፣ ሻይ!» ካለች፣ አትጠብቁት፣ አይመጣም። «ስኳር አታብዛ!» ካለች ደግሞ፣ ጌታዬ፣ እባክዎ ቀጥ ብለው ይቁሙ።